አጥፍቶ ማብራት የደበቀው ብልሽት

ባለፈው ሰኔ፣ ደሴ ከጦሳ በሚወርደው ጉም ተሸፍና በምትውልባቸው ሳምንታት፣ ኮምቦልቻ ለምሠራው ለእኔ ማምሻውን ከታላቅ እህቴ የሚደርሰኝ መልእክት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር፦ «ዛሬም ዋይፋዩ ጠፍቶ ነበር፤ አጥፍተን አበራነውና ተመለሰ፤ አብሽር።» እህቴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አላት። በሱቁ ዋይፋይ የሚያሰራጨውን ራውተር ከአንድ አሮጌ አነስተኛ ኮምፒውተር በሊኑክስ የሠራሁላት እኔ ስለሆንኩ፣ «አብሽር» የሚለው ማጽናኛ ራሱ እንደ ክስ ይሰማኝ ነበር።

ራውተር ገዝቶ መገላገል ሲቻል ለምን እንደሠራሁት የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ወደ ሱቁ የሚመጡት ደንበኞች፣ በተለይ ተማሪዎች፣ የሚታተመውን ሀንድአውት በስልካቸው ይዘው መጥተው በቴሌግራም ይልካሉ፤ ለዚህም ዋይፋይ ይሰጣቸዋል። ይሁን እንጂ አንዱ ፋይሉን ልኮ ሲጨርስ ወረፋ እስኪደርሰው ቪዲዮ ይከፍታል፣ የሌላው ስልክ ደግሞ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ ራሱን ማደስ ይጀምራል፣ የእህቴ ኮምፒውተር አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስልክ የፍጥነት ገደብ የሚያበጅ፣ የሱቁን ሥራ ግን የማይነካ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር። በጨረታ የተወገደ አንድ አነስተኛ ኮምፒውተር አገኘሁ፤ ዴቢያን 12 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንኩበት፤ አንድ የኬብል ቀዳዳ ብቻ ስለነበረው ሁለተኛውን በዩኤስቢ ጨመርኩለት፤ ለዋይፋዩም ከአንድ የሞተ ላፕቶፕ ላይ የወጣ የአቴሮስ ካርድ አስገባሁለት።

ካርዱን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። መጀመሪያ የሞከርኩት አንድ ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ ነበር፤ እሱ ግን ከሌላ ኔትወርክ ጋር ለመገናኘት እንጂ ራሱ ኔትወርክ ለማሰራጨት አልተዘጋጀም። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን የፈጀብኝ «አይደብልዩ ሊስት» የሚለውን ትእዛዝ አስቀድሜ ባለመስጠቴ ነው። ትእዛዙ ካርዱ የሚችላቸውን ሥራዎች ይዘረዝራል፤ ከሥራዎቹ መካከል «ኤፒ» (ኔትወርክ ማሰራጨት) የሚለው ከሌለ፣ ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ፕሮግራም፣ በሆስትኤፒዲ፣ ፋይል ላይ የሚጻፈው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። የአቴሮስ ካርዱን የሚያሠራው ኤቲኤች9ኬ የተባለው ድራይቨር ግን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሊኑክስ እምብርት በሆነው በከርነሉ ውስጥ ያለ ነው፤ በማዘርቦርድ (በኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ለሚሰኩት ካርዶች ለብቻው የሚጫን ፈርምዌርም (የካርዱ የውስጥ ፕሮግራም) አይፈልግም፣ ኔትወርክ ማሰራጨትንም በደንብ ይችላል። ለአሮጌ ኮምፒውተር ከእሱ የተሻለ ካርድ እስካሁን አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ጅማሬው ያለ እክል አላለፈም። ዴቢያን ሆስትኤፒዲን ሲጭን አገልግሎቱን «ማስክ» አድርጎ፣ ማለትም በማንም ትእዛዝ እንዳይነሣ ቆልፎ ስለሚያስቀምጠው፣ መጀመሪያ ያንን ቁልፍ ማንሣት ያስፈልጋል። የአገር ኮዱም አልተሞላም ነበር። ኮዱ ባዶ ሲሆን ሊኑክስ «00» የሚባለውን፣ በየትኛውም አገር ሕግ እንዳይጣስ ተብሎ የተዘጋጀውን ጥብቅ ደንብ ይይዛል፤ በዚህ ደንብ በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ኔትወርክ ማሰራጨት አይፈቀድም። «ኢቲ» ብዬ የኢትዮጵያን ኮድ ሞላሁ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ደግሞ እርስ በርስ ከማይደራረቡት ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች መካከል ጎረቤቶቼ ያልተጨናነቁበትን 11ን መረጥኩ። ሁለት ዓመት ያህል እህቴም እኔም ስለዚያ ሣጥን ሳናስብ ኖርን።

መጥፋት ሲጀምር መጀመሪያ የጠየቅኋት «ሲጠፋ የዋይፋዩ ስም ስልክሽ ላይ ይታያል ወይስ አይታይም?» ብዬ ነበር። ይህ ጥያቄ ቀላል ይምሰል እንጂ የሥራውን ግማሽ ያቃልላል። ስሙ እየታየ ኢንተርኔት የማይገባ ከሆነ፣ ጥፋቱ አድራሻ በሚያድለው በዲኤንኤስማስክ ወይም ከዚያ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ይሆናል። ስሙ ራሱ ከጠፋ ግን ጉዳዩ የሆስትኤፒዲ ወይም የካርዱ ነው። «ስሙም የለም፤ የኬብሉ ኮምፒውተር ግን ይሠራል» አለችኝ። እንግዲህ ራውተሩ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ የሞተው አንድ አካሉ ብቻ ነው።

ችግሩ ግን ማስረጃው ነበር። ሱቁ ውስጥ የምታግዛት ልጅ ዋይፋዩ በጠፋ ቁጥር የሣጥኑን ቁልፍ ተጭና ታጠፋዋለች፣ ታበራዋለች፣ ይሠራላታል። እሷ ላይ አልፈርድም፤ ደንበኛ ቆሞ ሲጠብቃት ሌላ ምን ታድርግ? ነገር ግን ማሽኑ አዲስ ሲነሣ ካርዱም አብሮ እንደ አዲስ ስለሚቆጠር፣ በተበላሸበት ሰዓት የነበረው ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የቀረኝ የከርነሉ መዝገብ ብቻ ነበር። ዴቢያን ይህን መዝገብ በዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ካለፈው መነሣት በፊት የነበረውን ማንበብ ይቻላል። በዋየርጋርድ፣ ማለትም ከሩቅ በሚያስገባ የተመሰጠረ መስመር፣ ከኮምቦልቻ ገብቼ ሳነበው፣ በየቀኑ ተመሳሳይ ቃል አገኘሁ፦ ድራይቨሩ ካርዱን በ500 ማይክሮ ሰከንድ ውስጥ ማንቃት እንዳልቻለ፣ ቀጥሎም ቻናሉን እንደገና ማስነሣት እንዳልቻለ ይናገራል።

«ማንቃት አልቻልኩም» የሚል ቃል ያነበበ ሰው መቼም መጀመሪያ የሚጠረጥረው እንቅልፍን ነው፤ እኔም እንደዚያው። ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ የሚያንቀላፋበት አሠራር አለ፤ አንዳንድ የአቴሮስ ካርዶች ከዚህ እንቅልፍ በወጉ የማይነሡ መሆናቸው በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከርነሉ ሲነሣ ይህን ቁጠባ እንዲተው አዘዝኩት። የካርዱንም የራሱን ኃይል ቁጠባ አጠፋሁ። በማግሥቱ ማታ ስልኬ ጮኸ፦ «ዛሬም…»

በዚህ ጊዜ እህቴን አንድ ነገር ለመንኳት። «እትዬ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ እባክሽ ማንም እንዳይነካው፤ ለእኔ ደውይልኝ።» ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት 4 ሰዓት ከ10 ላይ ደወለች። ያለሁበትን ሥራ ትቼ ገባሁና መጀመሪያ ዝቅተኛውን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ማዘርቦርዱ ካርዱን ያየዋል ወይ? ይህን የሚመልሰው «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የካርዱ ስም በዝርዝሩ ላይ አለ፤ መጨረሻው ላይ ግን «ሬቭ ኤፍኤፍ» የሚል ተጽፎበታል፤ በዝርዝር ሳየውም የራስጌው ዓይነት የማይታወቅ «7ኤፍ» ነው ይለኛል።

ይህችን ምልክት ለማያውቃት ሰው ማስረዳት ይገባል። ማዘርቦርዱ በመስመሩ ላይ ላለ ዕቃ ጥያቄ ልኮ መልስ ሲያጣ የሚደርሰው ባዶ ወይም ዜሮ አይደለም፤ ሁሉም ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሚይዘው እያንዳንዱ ቦታ፣ 1 ሆኖ ይነበባል። ስምንት ቢት ሁሉ 1 ሲሆን በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ኤፍኤፍ ይጻፋል። ካርዱ «ስሪቴ ኤፍኤፍ ነው» እያለ ሳይሆን፣ ከዚያ ወገን ምንም መልስ አልመጣም ማለት ነው። 7ኤፍ የምትለዋም ያችው ናት፤ በዚያ ቦታ ላይ የላይኛዋ ቢት የሌላ ነገር ምልክት ስለሆነች ተነጥላ ሌሎቹ ሰባት 1 ሆነው ይቀራሉ። ስሙ በዝርዝሩ ላይ የቀረው ሊኑክስ ሲነሣ የመዘገበውን ስለማይረሳ ብቻ ነው። ስለዚህ ሆስትኤፒዲም፣ ቻናልም፣ የአገር ኮድም፣ ድራይቨርም ከክሱ ነጻ ወጡ፤ ካርዱ ከመስመሩ ወድቋል።

ካርዱን ከመዝገብ ሰርዤ መስመሩ እንደገና እንዲፈተሽ አዘዝኩ፤ አልተገኘም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደግሜ ሳዝዘው ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ተመልሶ መጣ። ሣጥኑ አልጠፋም፣ ማንም አልነካውም። እዚህ ላይ ቆሜ በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ሱቁ ውስጥ ምን እንዳበቃ ብጠይቅ ኖሮ ነገሩ በዚያው ቀን ይፈታ ነበር።

እኔ ግን ወደ መዝገቡ ሄድኩ። በመዝገቡ መሠረት ካርዱ በዚያ ቀን የወደቀው 07:05 ላይ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት ከ5 መሆኑ ነው። እህቴ የደወለችው 4 ሰዓት ከ10 ላይ ስለሆነ፣ ሰው እስኪያስተውለው ሦስት ሰዓት አልፎታል ብዬ ደመደምኩ። የቀድሞዎቹን ሳይ ደግሞ አብዛኞቹ በ06:30 እና በ08:00 መካከል ናቸው፤ ይህም ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ሱቁ ሳይከፈት መሆኑ ነው። አንድ ሁለቱ ከዚህ ወጣ ያሉ ነበሩ፤ እነሱን ግን ለሐሳቤ ስላልተመቹኝ ዘለልኳቸው። ሰው በሌለበት፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት ካርድ የሚጥል ነገር ምንድን ነው? መልሱን አላጣሁትም፦ መብራት ነው። ክረምት እየገባ ነው፣ መብራቱ ይወርዳል ይወጣል፣ ካርዱ ደግሞ ሲያሰራጭ ኃይል ይስባል። ደህና ገንዘብ አውጥቼ፣ መብራት ሲሄድ ከባትሪ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ገዛሁ፤ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ወሰድኩላት፤ ሣጥኑን ሰካሁበትና ተመለስኩ።

ዋይፋዩ ሳምንቱን ሙሉ አልጠፋም። ለእህቴ ስለ ኤሌክትሪክ ረጅም ማብራሪያ ሰጠኋት። በሚቀጥለው ሰኞ ረፋድ ላይ ግን ደወለችና፣ «ጠፋ» አለችኝ፤ ቀጥላም ሳቅ እያለች፣ «ይኸ ነገር ቶነር ሲመጣ ነው እንዴ የሚነሣበት?» አለች። ለካ ያን ሳምንት የፎቶ ኮፒው ቶነር አልቆ ማሽኑ ቆሞ ኖሯል። እህቴ ነገሩን የተናገረችው ለቀልድ ነው፤ እኔን ግን ዩፒኤሱ ያለ ሥራው የተመሰገነ መሆኑ ወዲያው ታየኝ።

ሱቁ ውስጥ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ ሥራ ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጻፍበት ደብተር አለ። ሰኔ የፈተና ወር በመሆኑ መምህራን ከየትምህርት ቤቱ እየመጡ የፈተና ወረቀት ያስባዛሉ፤ ማን ስንት እንዳስባዛ ካልተጻፈ ሒሳቡ ይደበላለቃል። ልጅቷ የገጹን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። ከመዝገቡ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳየው መጀመሪያ ምንም አልገጠመልኝም፤ ደብተሩ 3፡40 ሲል መዝገቡ 06:40፣ ደብተሩ 4፡05 ሲል መዝገቡ 07:05 ይላል። ከዚያ ልዩነቱ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ብቻ መሆኑን አየሁ። ፈረንጅኛው ሰዓት ከእኛው በስድስት እንጂ በሦስት አይለይም። ራውተሩ ሲጫን የሰዓት ክልሉን ሳልሞላ በማለፌ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ሲቆጥር ኖሯል፤ አዲስ አበባ ከዩቲሲ በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከዚያ ስድስት ይቀንሳል። 06:40 የተባለው ከንጋቱ 12፡40 ሳይሆን ከጠዋቱ 3፡40 ነበር። የእህቴ ስልክና መዝገቡ በሦስት ሰዓት የተለያዩ ዕለት ጉዳዩ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፤ እኔ ግን ሰው አላስተዋለም ብዬ በሰዎቹ ላይ አላከክሁት። የዘለልኳቸው ሁለት ቀናትም ከሰዓት በኋላ ትልቅ ሥራ የተሠራባቸው ሆነው ተገኙ።

እሑድ ሱቁ ዝግ ስለሆነ ወደ ደሴ ወጣሁ። አሁን የቀረው ፎቶ ኮፒው ካርዱን የሚጥለው በኃይል ነው ወይስ በሌላ የሚለው ነበር፤ ማሽኑ ወረቀት የሚያሞቅበትን ክፍል ሲያበራ የሱቁ አምፖል ደብዘዝ ስለሚል ኃይልን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም ነበር። ሣጥኑ በቦታው፣ ከፎቶ ኮፒው ጋር በአንድ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ የከርነሉን መልእክቶች የሚያወጣውን «ዲሜስግ»ን አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር እንዲያሳየኝ አድርጌ ከፈትኩና ጠረጴዛውን በእጄ መታ መታ አደረግሁት። ምንም የለም። ሁለት መቶ ገጽ በሁለት ፊት እንዲያወጣ አዘዝኩ። ማሽኑ ወረቀቱን እየሳበ ሲገለብጥ ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ሻይ ክብ ክብ እየሠራ ይንቀጠቀጥ ነበር። አርባ ገጽ እንኳ ሳይሞላ ያች «ማንቃት አልተቻለም» የምትለው መስመር ወጣች። ሣጥኑን ከዚያው ከዩፒኤሱ ሳልነቅል አንስቼ ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ አስቀመጥኩትና አስነሥቼ ሌላ ሁለት መቶ ገጽ አወጣሁ፤ አልወደቀም። ወደ ጠረጴዛው መለስኩት፤ ወደቀ። ኃይሉ በሦስቱም ጊዜ አንድ ነበር።

ክዳኑን ስከፍት ያየሁትን ለመጻፍ ትንሽ ያሳፍረኛል። ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው ካርድ ሁለት ቁመት አለው፤ ሙሉው 50.95 ሚሊሜትር፣ ግማሹ 26.8 ሚሊሜትር ይረዝማል። የማዘርቦርዱ ቦታ ለሙሉው የተሠራ ሲሆን፣ ከላፕቶፑ ያወጣሁት ካርድ ግን ግማሹ ነው፤ ስለዚህ የካርዱ የብሎን ቀዳዳዎች ከማዘርቦርዱ ማሠሪያ ጋር አይገናኙም። ይህ ካርድ ደግሞ በሰያፍ ገብቶ ወደ ታች ተጭኖ በብሎን ካልተያዘ፣ የመሰኪያው ስፕሪንግ ወደ ላይ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ለጊዜው ብዬ በስኮች ለጥፌው ነበር፤ የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ስኮቹ በሁለት ዓመት ሙቀት ደርቆ ቢጫ ሆኖ፣ አንድ ጠርዙ ተላቅቆ፣ ካርዱ በስተግራ በኩል ቀና ብሎ ተቀምጧል። ከ52ቱ የመሰኪያው ጥርሶች አንዳንዶቹ የሚነኩት ለጥቂት ነው፤ ጠረጴዛው ሲንቀጠቀጥ ይለቃሉ፣ ሲረጋጋ ይመለሳሉ። በዚያች አሥር ደቂቃ ውስጥ ያበቃው የአንድ መምህር የፈተና ወረቀት ነበር።

ግማሹን ካርድ ከሙሉው ቦታ ጋር የሚያገናኝ ማራዘሚያ ብረት መኖሩን አውቃለሁ፤ እሑድ ቀን ደሴ ላይ ግን ከየት ይመጣል። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ ቆርጬ ማራዘሚያ አበጀሁለት። ፕላስቲክ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ውፍረቱም 0.76 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ ብሎን በደንብ ይይዘዋል። ሁለቱን ትናንሽ ብሎኖች ካርዱ ከወጣበት ከዚያው ከሞተው ላፕቶፕ አገኘሁ። የካርዱን ጥርሶች በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ አድርጌ ፈትጌ፣ ብናኙን አራግፌ መለስኩት። የአንቴናዎቹን ትናንሽ መሰኪያዎች ግን ሳልነቅል ነው የሠራሁት፤ ዩኤፍኤል የሚባሉት እነዚህ መሰኪያዎች የተሠሩት ሠላሳ ጊዜ ያህል ብቻ ለመነቀልና ለመሰካት ስለሆነ በየምክንያቱ የሚነካካቸው ሰው በኋላ የደካማ ዋይፋይ ባለቤት ይሆናል።

ሁለት ነገሮችን ጨምሬ ወጣሁ። አንደኛው በየደቂቃው የካርዱን መልስ የሚጠይቅ፣ ኤፍኤፍ ካገኘ መዝግቦ ካርዱን ሰርዞ መስመሩን እንደገና የሚያስፈትሽ አጭር ስክሪፕት ነው፤ ይህም ልጅቷን ከቁልፉ ይገላግላታል፣ ማስረጃውንም አያጠፋም። ሁለተኛው የራውተሩን የሰዓት ክልል ወደ አዲስ አበባ መቀየር ነበር። ሣጥኑንም መደርደሪያው ላይ እንዲቀር ፈልጌ ነበር፤ እህቴ ግን ቦታው የወረቀት ነው ብላ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው። ዩፒኤሱን ለኬብሉ ኮምፒውተር ወሰደችው፤ መብራት ሲሄድ የተጻፈ ሥራ እንዳይጠፋ ይጠቅማታል፤ ዋጋውን ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ማክሰኞ ማታ ልጅቷ የደብተሩን ገጽ እንደገና አንስታ ላከችልኝ። በሰዓቱና በገጹ ብዛት መስመር አጠገብ አዲስ አምድ አስምራበታለች፤ ከላዩ «ዋይፋይ» ብላ ጽፋ፣ ከ3፡20 ጀምሮ በተሠራው የ1,400 ገጽ ሥራ ፊት ለፊት «አለ» ብላለች። የስክሪፕቱ መዝገብም ባዶ ነበር።